ኩል የተኳለው ካንዴላ

ሰኔ 14 ቀን 1987 ዓ.ም. ረቡዕ ነበር። ባለጣቱ ያን ዕለት ዕድሜው ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። በጋራዡ ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት አገልግሏል፤ ጡረታ ለመውጣት የቀረው ስምንት ወር ብቻ ነው።

«ባለጣቱ» የሚለውን ቅጽል ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሌላው መካኒክ ቡሎን ሲያጠብቅ ልኩን በቁጥር የሚያሳይ ቁልፍ ይፈልጋል፤ እሱ ግን በጣቱ ነክቶ «በቃው» ካለ በቃው ነው። በተለይ ካንዴላ ሲያስገባ ማየት ደስ ያሰኝ ነበር። ካንዴላ ማለት ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ የጣት ቁመት ያለው ዕቃ ነው። ጥርሱ ጠንካራ ብረት ነው፤ የሚገባበት የሞተሩ ራስ፣ መካኒኮቹ ቴስታታ የሚሉት፣ ደግሞ ለስላሳ አሉሚኒየም ነው። ካንዴላው አንዲት ጥርስ ታህል ተንጋዶ ከጀመረ ቀዳዳውን እየበላ የራሱን መንገድ ያወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዙሮች በቁልፍ አይሞከሩም። ባለጣቱ ዐይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሩቅ ወሬ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆኖ በሁለት ጣቱ ያስገባ ነበር። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ጥርስ በልቶ አያውቅም፤ ይህንንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል።

የታናሽ እህቱ ባልም እዚያው ጋራዥ መካኒክ ነው። ሥራውን ያስገኘለትም፣ ሙያውን ያስተማረውም ባለጣቱ ራሱ ነው። የሚኖሩትም በአንድ ግቢ ነው፤ እሱ ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ በፊተኛው ክፍል፣ እህቱና ባሏ በኋለኛው። ባልና ሚስቱ ከአራት ዓመት በፊት አንድ ልጅ ወልደው ሳይጮኽ ቀርቶባቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ አልደገሙም።

አማቹ በሌላው ሁሉ ይታዘዘዋል፤ በአንድ ነገር ግን እምቢ ብሎ ቀርቷል። ጣቱን አያምንም። የስንዝር ርዝመት ያላት የጎማ ቱቦ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል። ቱቦዋን በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ያጠልቅና እሷን ያሽከረክራል። ካንዴላው ቀጥ ብሎ ከገባ አብሯት ይዞራል፤ ተንጋዶ ከነከሰ ግን ቱቦዋ ትንሸራተታለች እንጂ አታስገድደውም። ስሙም «ባለቱቦው» ሆኖ ቀረ። ቱቦዋ ጥቁር ስለሆነች በሸክላው አንገት ላይ ጥቁር ቀለበት ትታ ትወጣለች፤ ጋራዡም ይህን ይዞ ይቀልድበት ነበር።

«ዛሬስ ስንቱን ሙሽራ ኳልክ?» ይሉታል።

«አራቱንም። የእናንተዎቹ ግን ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ነው የሄዱት» ይላል።

ያን ጊዜ ባለጣቱ ድምፁን ሳያነሣ፣ ከሥራው ቀና ሳይል፣ «ቱቦ ጣት ለሌለው ሰው ነው» ይላል። ሳቁ ይደምቃል። አማቹም አብሮ ይስቃል፤ ቱቦዋን ግን ወደ ደረት ኪሱ ይመልሳታል እንጂ አይጥላትም።

ማንም ያላወቀው ነገር ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ የባለጣቱ ጣቶች መደንዘዛቸው ነው። ሐኪሙ ስኳር ነው ብሎታል። መጀመሪያ ጫፎቻቸውን ጉንዳን የወረራቸው መሰለው፤ ቀጥሎ ጉንዳኑም ጠፋ። ሸሚዙን ሲቆልፍ ዐይኑ ካላየ ቁልፉን አያገኘውም። ለሰው አልተናገረም። ማለዳ ከሁሉ ቀድሞ ይገባና ቡሎን የሚታሰርባቸውን ትናንሽ ዳዶዎች ጠረጴዛ ላይ በትኖ በመልቀም ራሱን ይፈትናል፤ ሲወድቁበት ጎንበስ ብሎ ያነሣና እንደገና ይበትናቸዋል። ጥቂት ወር ነው፣ ይል ነበር ለራሱ፤ ጥቂት ወር ዐይኔ ለጣቴ ይሠራለታል።

በግንቦት 24 ቀን የአንድ ክሊኒክ አምቡላንስ ካንዴላ ለማስቀየር መጣ። ሁለቱ አማቾች አብረው ያዙት። በመሐል አንድ የጭነት መኪና እንዲገፉ ተጠርተው ሄዱ፤ ተመልሰው አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ ሆነው ጨረሱት። የትኛውን ካንዴላ ማን እንዳስገባ የጻፈ የለም፤ በሥራ ወረቀቱ ላይ ያለው የሁለቱም ፊርማ ነው። በአሥራ አንደኛው ቀን አምቡላንሱ ምጥ የጠናባት ሴት ይዞ ዳገት ሲወጣ አራተኛው ካንዴላ የቴስታታውን ጥርስ ገንጥሎ እንደ ጥይት ተተፋ። ሞተሩ እየጮኸ ቆመ። ሌላ መኪና እስኪደርስ አርባ ደቂቃ አለፈ። እናቲቱ ተረፈች፤ ሕፃኑ ግን አልተረፈም።

ከዚያ ወዲህ የሕፃኑ አባት በየማለዳው ከጋራዡ በር ፊት ለፊት ይቆም ጀመር። አይሳደብም፤ አይጮኽም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የሚገባውንና የሚወጣውን ሰው ፊት ያያል። የጋራዡ ኃላፊ በአምስተኛው ቀን መታገሥ አቃተው።

«ለዚህ ሰውዬ አንድ ስም መስጠት አለብኝ» አለ። «ሁለት ስም ስም አይደለም። ዓርብ እንወስናለን።»

ረቡዕ ማለዳ፣ ባለጣቱ ዳዶዎቹን እየለቀመ ሳለ፣ የአምቡላንሱ ሾፌር አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። የተተፋው ካንዴላ ነው፤ ሞተሩ ሥር ተቀርቅሮ አግኝቶታል።

«እንኩ ጋሼ፣ ተፈላጊውን ይዤልዎ መጣሁ። ኃላፊው ሲገባ ይስጡልኝ» ብሎት ሄደ።

ባለጣቱ ብቻውን ሲቀር ጨርቁን ፈታው። በካንዴላው ጥርሶች መካከል የአሉሚኒየም ልጣጭ በአንድ ወገን ብቻ ተጠቅልሏል፤ ተንጋዶ የገባ ካንዴላ ምልክቱ ይህ ነው። ከዚያ ሸክላውን አየው። ነጭ ነው። በጨርቁ ጠረገው፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው። ኩል የሚባል ነገር አልነካውም። ቱቦ ካልነካው ያስገባው ጣት ነው።

ትዝ አለው። የጭነት መኪናውን ገፍተው ከተመለሱ በኋላ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ወደ ሞተሩ ጀርባ ሰዶ አንዱን ካንዴላ ሲያስገባ ምንም አልተሰማውም ነበር። ምንም አለመሰማቱን ለመቅናቱ ምልክት አድርጎ ወሰደው። ከዚያ ቁልፉን አጥልቆ አጠበቀው፤ ሲጠብቅ የተሰማውን ክብደት ክንዱ ለየው፣ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ ብሎ ጨረሰው።

ሊያስብበት ያሰበው ነገር አልነበረም። ከጠረጴዛው ሥር የውዳቂ ሣጥን አለ፤ ከሣጥኑ ውስጥ የጥቁር ጎማ ቱቦ ቁራጭ ብቅ ብሎ ታየው። አነሣው። በሸክላው ላይ አጠለቀው። ሦስት ጊዜ አጥብቆ ጠመዘዘውና አወጣው። በሸክላው አንገት ላይ ጥቁር ቀለበት ቀረ። አማቹ አርባ ዓመት እንኳ አልሞላውም፤ ሌላ ሥራ ያገኛል፣ አለ በልቡ። ሠላሳ አራት ዓመት፣ አለ ቀጥሎ። ካንዴላውን እንደነበረ ጠቅልሎ ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አኖረው፤ ተመልሶም ከመሬት የወደቁትን ዳዶዎች ለቀመ።

ከቀትር በኋላ ሁለቱ አማቾች የአምቡላንሱን ሞተር ለማዳን ተሰለፉ። ቴስታታውን ሳያወርዱ የተበላውን ቀዳዳ ለመጠገን ያለው መንገድ አንድ ነው። ቀዳዳው ይሰፋል፤ በሰፋው ላይ ጥርስ ማውጫ በሚባል መሣሪያ አዲስ ጥርስ ይወጣል፤ ከውጭም ከውስጥም ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ይገባበታል፤ ካንዴላው ከዚያ ወዲህ የሚያርፈው በቀለበቱ ውስጥ ነው። የሚያስፈራው ፍቅፋቂው ነው። ወደ ሲሊንደሩ የወደቀ ቅንጣት ፒስተኑ በወጣና በወረደ ቁጥር ግድግዳውን ሲፍቅ ይኖራል።

ባለቱቦው ሦስቱን ደህና ካንዴላዎች አወጣና በጨርቅ ላይ በተራ ደረደራቸው። ቆም ብሎ አያቸው። ሦስቱም ነጭ ነበሩ። ባለጣቱም አይቷቸዋል፤ ልቡ ግን ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ስለነበረ ለምን ሦስቱም ነጭ ሆኑ ብሎ አልጠየቀም።

የጭስ መውጫው በር እስኪከፈት ድረስ ሞተሩን በእጅ አዞሩት፤ ፍቅፋቂ ቢገባ በአየር ተገፍቶ የሚወጣበት ቀዳዳ እንዲያገኝ ነው። የጥርስ ማውጫውንም ጥልቅ ጥልቅ መስመሮች በግራሶ ሞሉት፤ የሚፋቀው አሉሚኒየም ሳይወድቅ እንዲጣበቅበት። ባለጣቱ ጥርስ ማውጫውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። ያዘ? አልያዘም? አያውቅም። አወጣው፤ እንደገና አስጠጋው። ከግንባሩ የወረደ ላብ በቅንድቡ ላይ ቆመ።

«ጋሼ፣ ላስጀምርልዎ?» አለ ባለቱቦው።

«ምን ሆኜ?»

«ምንም አልሆኑም። ቦታው ጠባብ ነው፤ የኔ እጅ ቀጭን ነው ብዬ ነው። የእህትዎን ምግብ ጠግበው የሚበሉት እርስዎ ነዎት።»

ባለጣቱ አልሳቀም፤ እጁን ግን አነሣ። ባለቱቦው ጥርስ ማውጫውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዐይኑን ጨፈነ። ያስተማረውን አቋቋም በአማቹ ላይ ሲያየው ባለጣቱ ፊቱን መለሰ። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ከያዘለት በኋላ ባለቱቦው መያዣውን ለእሱ ለቀቀለት።

«እንግዲህ እርስዎ ይጨርሱት። ቀጥ ብሏል።»

በየሁለት ዙሩ እያወጡ፣ ግራሶውን ከነፍቅፋቂው እየጠረጉ፣ አዲስ ግራሶ እየቀቡ ወረዱ። አሥራ ስድስት ጊዜ ወጣ፤ አሥራ ስድስት ጊዜ ተጠረገ። በመሐል ባለቱቦው ዐይኑን ከሥራው ሳያነሣ ጠየቀው።

«ጋሼ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ጣትዎ።»

«ሥራህን ሥራ።»

«እሺ።»

ቀለበቱን ማጣበቂያ ቀብተው አስገቡት፤ ከንፈሩን ዙሪያውን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው ከአሉሚኒየሙ ጋር አስያያዙት፤ ሲሊንደሩን በአየር ነፉት። አዲሶቹን ካንዴላዎች ለማስገባት ባለቱቦው እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሲሰድ ባለጣቱ ወደ በሩ ዞረ። ያቺን ቱቦ ማየት ድሮም አይወድም፤ ያን ዕለት ጭራሽ ዐይኑ አልቆመላትም። ከበሩ ማዶ የሕፃኑ አባት ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል።

ሞተሩ ሲነሣ በአራቱም እኩል መታ። ባለቱቦው መዳፉን በቴስታታው ላይ አሳርፎ ጥቂት አዳመጠ።

«ይቺ ቀዳዳ ከእንግዲህ ከሦስቱ እህቶቿ ትጠነክራለች» አለ።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱ በኃላፊው ቢሮ ተቀመጡ። ካንዴላው ከጨርቁ ወጥቶ በወረቀቶቹ መካከል ቆሟል። ኃላፊው በእርሳሱ ጫፍ አመለከተው።

«ይህ ኩል የማን እንደሆነ ጋራዡ ሁሉ ያውቃል። ያንተ ነው?»

ባለቱቦው ካንዴላውን አነሣው። ወደ ብርሃኑ አዞረው። ጥቁሩን ቀለበት በአውራ ጣቱ አሸት አድርጎ ጣቱን ተመለከተ። ከዚያ ቀና ብሎ አማቹን አየው፤ ረጅም ጊዜ አይደለም፣ ሰው ስሙ ሲጠራ ዞር የሚልበትን ያህል ነው።

«የኔ ነው» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ካንዴላው ከተናገረ እኔ ምን እጨምራለሁ።»

ኃላፊው ወደ ባለጣቱ ዞረ። «እርስዎስ ጋሼ፣ የሚሉት ነገር አለ?»

ባለጣቱ ጉሮሮውን ጠረገ። በዚያች ቢሮ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት ሲቆጥር ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር።

«የለኝም» አለ።

ባለቱቦው ከሥራ ተሰናበተ፤ የሙያ ፈቃዱም ተወሰደ። ሲወጣ የመሣሪያ ሣጥኑን በአማቹ ጠረጴዛ ሥር አኖረና «ይያዙልኝ፤ እኔ አሁን አያስፈልገኝም» አለው። በሩ ላይ ኃላፊው ለሕፃኑ አባት በጆሮው የሆነ ነገር ነገረው። ሰውዬው ባለቱቦውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ ባርኔጣውን ደፋ፤ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዚያ በር አልታየም።

ወሬው ከባለቱቦው ቀድሞ ግቢው ደርሷል። የባለጣቱ እህት በኋለኛው ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጣ ባሏን ጠበቀችው። ባለጣቱ በፊተኛው ክፍል መስኮት አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ሰማ።

«እውነት ነው?» አለችው።

«ነው።»

«በእጅህ?»

«አዎን።»

አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። ሳይጮኽ የቀረውን የራሷን ልጅ የታቀፈችው ይኸው ሰው አጠገቧ ቆሞ ነበር፤ አሁን የሌላ ሴት ልጅ በእጁ ቀረ ሲላት ፊቱን ማየት አልቻለችም። ፍራሿን ወደ ማድ ቤቱ አወጣች። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ አታናግረውም። ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ባለቱቦው የአራት ሰዓት መንገድ ርቆ ወዳለ የድንጋይ መፍጫ ለሥራ ሄደ። የሸኘው ሰው የለም።

በጥቅምት አጋማሽ ያው አምቡላንስ ካንዴላ ሊቀይር መጣ። ባለጣቱ ብቻውን ነው። አሁን ጣቶቹ ቀዝቃዛውንና ትኩሱን እንኳ መለየት ትተዋል። የመጀመሪያውን ካንዴላ አስጠጋ፤ መለሰው። እንደገና አስጠጋ፤ መለሰው። በመጨረሻ ማንም አለማየቱን አረጋግጦ ከጠረጴዛው ሥር የአማቹን ሣጥን ሳበና ከፈተው። በሠላሳ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሥራ ብሎ ቱቦ በእጁ ያዘ።

ቱቦዋ ቀይ ነበረች።

ሌላ ይኖራል ብሎ ሣጥኑን እስከ ታች በረበረ፤ የለም። በአንዱ ካንዴላ ላይ አጥልቆ ጠመዘዛት፤ ሲያወጣት ሸክላው ነጭ ነው። አጥብቆ፣ ክንዱ እስኪዝል ጠመዘዛት። ነጭ ነው። ሾፌሩ ከውጭ ገብቶ ትከሻው ላይ ቆመ።

«እሷን እኔ ነኝ የሰጠሁት» አለ እየሳቀ። «በሚያዝያ መጨረሻ ጥቁሯ ተሰነጠቀችበትና ከቤንዚን መስመር ትርፍ ላይ ቆርጬ ሰጠሁት። ይቺ መኳል አትችልም፣ ከእንግዲህ ሙሽሮቼ እንደ ፈጠራቸው ይሄዳሉ ብሎ ሲያስቀኝ ነበር።»

ጨርቅ ላይ የተደረደሩት ሦስት ነጭ ካንዴላዎች ለባለጣቱ መጡበት። ቀጥሎ ያ አውራ ጣት፣ ጥቁሩን አሽቶ የታየው አውራ ጣት። ባለቱቦው «የኔ ነው» ያለው የሱ እንዳልሆነ እያወቀ ነው። ማን እንደኳለውም ያን ጊዜውኑ አውቋል።

በማግስቱ ፈቃድ ጠይቆ ወደ ድንጋይ መፍጫው ሄደ። ባለቱቦው ከአናቱ እስከ ጫማው አመድ መስሎ ከመፍጫው ሥር ድንጋይ ይዝቅ ነበር። አካፋውን አስደግፎ መጣ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ጨበጠው። ባለጣቱ ቱቦዋን ከኪሱ አውጥቶ በመዳፉ ላይ አሳየው።

«ዛሬ ገና አዩዋት?» አለ ባለቱቦው።

«ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ጋሼ ኳለው ልበል? በዚያ ቢሮ፣ በኃላፊው ፊት?» ሳለ፤ አቧራውን ተፋ። «እርስዎ ስምዎ ቢሄድ የሚቀርዎት ነገር የለም። እኔ ሚስት አለኝ ብዬ ነበር። ነው ስላት እንኳ ታውቀኛለች ብዬ ነበር።»

መፍጫው ድንጋይ ያላምጥ ነበር።

«አላወቀችኝም» አለ ባለቱቦው።

«እነግራታለሁ።»

«አይንገሯት። እኔን እንደሆነ አንዴ አምናብኛለች፤ አሁን ቢነግሯት ወንድሟን ታጣለች እንጂ ባሏን አታገኝም። ቱቦዋንም ይውሰዷት። ትረዳዎታለች።»

አካፋውን አንሥቶ ተመለሰ። ቂም የያዘ ሰው አነጋገር አልነበረም፤ ባለጣቱን መንገዱን ሙሉ የበላውም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ኃላፊው ነው። ቆሞ ሁሉንም ነገረው፤ ጣቶቹን፣ የውዳቂ ሣጥኑን፣ ጥቁሩን ጎማ። ኃላፊው ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ሰውዬው አንድ ስም ተቀብሎ ሄዷል» አለ። «አሁን ጠርቼ ሌላ ስም ልስጠው? ልጁን ሁለተኛ ልቅበርበት? ጡረታዎ አራት ወር ነው የቀረው። ካንዴላ አይንኩ፤ ተቀምጠው ይውጡት።»

«አማቼስ?»

«እሱ በራሱ አፍ አምኗል። ፋይሉ ተዘግቷል።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህቱ ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የትራስ ልብስ ትሰፋ ነበር። ባለጣቱ ከፊቷ ቆመ። የመጣለትን ቃል ሁሉ መንገድ ላይ ጨርሶት ነበርና ያለ መግቢያ ነገራት። ስትሰማ መርፌዋ አልቆመም፤ ሦስት አራት ስፌት ጨምራ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

«እጅህን አምጣ፣ ወንድም ጋሼ።»

ሰጣት።

«ወደ ወዲያ ዙር።»

ዞረ። የጎረቤቱን የቆርቆሮ ጣራ አየ፤ በላዩ ላይ የተረሳ የሕፃን ጫማ ነበር። ጊዜ አለፈ።

«ይሰማሃል?» አለችው።

«ምኑ?»

ዞሮ አየ። መርፌዋ በመሐል ጣቱ ጫፍ ላይ እስከ ግማሽ ድረስ ገብታ ቆማለች፤ ደሙ በመዳፉ ላይ ወርዶ የትራሱን ልብስ ነክቷል። እህቱ መርፌዋን ነቀለች፤ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገቻት፤ ከክሩ ጋር ሰካቻት።

«ይህን ያን ጊዜ ብታሳየኝ ኖሮ» አለች። ተነሥታ ነጠላዋን ለበሰችና «ቱቦዋን ስጠኝ» አለችው። ሰጣት። ወደ ድንጋይ መፍጫው ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ተመለሰች። ባለጣቱ መጥቶት በሄደ በማግስቱ ባለቱቦው የሠራበትን ተቀብሎ፣ ወዴት እንደሆነ ሳይናገር፣ ድንጋይ በጫነ መኪና ተሳፍሮ ሄዷል። የሥራ ጓደኞቹ አንዱ ወደ ወደብ አንዱ ወደ እርሻ ጣቢያ አመለከቷት። ሁለቱንም በኋላ ጠይቃለች። አልተገኘም።

ባለጣቱ በየካቲት ጡረታ ወጣ። እህቱ ፍራሿን ከማድ ቤቱ ወደ ኋለኛው ክፍል መለሰች፤ ደፉ ላይ ተቀምጣ ወደ መንገዱ ማየት ልማዷ ሆነ። ወንድሟን በክፉ ቃል ተናግራው አታውቅም። ሸሚዙን ሲቆልፍ ካቃተው መጥታ ትቆልፍለታለች፤ ፊቱን ሳታይ ትቆልፈውና ትመለሳለች። ቀይዋ ቱቦ ከደፉ በላይ በምስማር ተንጠልጥላለች። አምቡላንሱ አልፎ አልፎ በግቢው በር በኩል ሲያልፍ ባለጣቱ ሞተሩን ያዳምጣል፤ ጆሮው አልደነዘዘምና አራቱንም ምት ለይቶ ይቆጥራቸዋል። አራተኛው እስካሁን ደህና ነው።

ይህ ታሪክ የተጻፈው ነገሩ ካለፈ ብዙ ዓመት በኋላ ነው። ጥርስ ማውጫው የወጣው አሥራ ስድስት ጊዜ ይሁን አሥራ አራት፣ መንገድ ላይ የጠፋው ጊዜ አርባ ደቂቃ ይሁን ከዚያ በላይ፣ በቢሮው ውስጥ የተነገረው ቃል በትክክል ያ ይሁን አይሁን፣ የዕድሜ ነገር ሆኖ ተዛብቶ ሊሆን ይችላል። ያየ ወይም የሰማ አንባቢ ቢኖር ያርመው። ስለ ባለቱቦው መድረሻ የሚያውቅ ካለ ደግሞ፣ የቀረው ስሕተት ሁሉ ሳይታረም ቢቀር እንኳ፣ ያን አንዱን እንዲያሳውቅ በትሕትና ይለመናል።